ዐሥራ ሁለተኛው ጉድጓድ

ለሜሳ አምስተኛዋን የመስታወት ቱቦ ከማሞቂያው ሣጥን አውጥቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን አነሣት። ይህችም እንደ አራቱ ናት። ተህዋሲያን የሚያራባው ቢጫ መረቅ ደፍርሷል፤ በውስጡ ተገልብጣ በተቀመጠችው ትንሽ ቱቦ ጫፍ ላይ የአየር አረፋ ተጠራቅሟል። ነቅነቅ አደረጋት። አረፋው ከቦታው አልሄደም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል ብሎ የቱቦዎቹን መደርደሪያ አዞረና በራሱ እጅ ጽፎ የለጠፈውን ቁጥር እንደገና አነበበ። አልተሳሳተም። ዐሥራ ሁለት ይላል።

ዐሥራ ሁለት ቁጥር የእማማ ስመኝ ጉድጓድ ነው። ለሜሳ የሚኖረውም እዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከእማማ ስመኝ በተከራያት አንዲት ክፍል ነው።

ወሩ ነሐሴ፣ ዓመቱ 1964 ነበር። የወይብን ተፋሰስ ምዕራባዊ ክፍል ሊያጠኑ ከአዲስ አበባ የመጡት መሐንዲሶች ሥራቸውን ጨርሰው ሲመለሱ ጎባ ላይ የተዉት አንድ ክፍል ቢሮ፣ በላምባ የሚሠራ አንድ ማሞቂያ፣ ሁለት ሣጥን ጠርሙስና ለሜሳን ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን የቶጎናንና የሻያን ወንዞች ከፍታ መለኪያው እንጨት ላይ ያነብባል። በቀሩት ቀናት ከከተማው ጉድጓዶችና ምንጮች ውሃ እየቀዳ ይመረምራል። አረፋ ከታየ ከሰው ወይም ከከብት ሆድ የወጣ ነገር ውሃው ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ካልታየ ውሃው ደኅና ነው። ሥራው በአጭሩ ይኸው ነው።

ሰፈሩ ግን «ባለጠርሙሱ» ከማለት በቀር ሥራውን በውል የሚያውቅ አልነበረም። ትውልዱ ወለጋ፣ ከደምቢ ዶሎ አጠገብ ነው። ከዚህ በፊት በዴዴሳ ወንዝ ጥናት ላይ ሠርቷል። ኦሮምኛ የአፍ መፍቻው ስለሆነ ባሌ ሲመደብ እንግድነት አይሰማኝም ብሎ ነበር የመጣው። ገበያ ላይ አፉን ሲከፍት ግን የወለጋ አነጋገሩ ሰዎቹን ያስቃቸዋል፤ ሳቃቸው ክፋት የለውም፤ ብቻ እሱን ከመሀላቸው ያወጣዋል። ዓርብ ሙስሊሙ ወደ መስጊድ፣ እሑድ ክርስቲያኑ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳል። እሱ የሚሲዮን ልጅ ነው፤ ጎባ ውስጥ እንደ እሱ የሚጸልይ ሰው አላገኘም። እሑድ እሑድ ክፍሉ ውስጥ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱሱን ሲያነብ ይቆይና እማማ ስመኝ ከቅዳሴ ተመልሰው «ና ምሳ ብላ» እስኪሉት ይጠብቃል። በሳምንቱ ውስጥ ስሙን የሚጠራው ሰው እሳቸው ብቻ የሚሆኑበት ጊዜ ብዙ ነው።

የእሳቸውን ጉድጓድ ከሁሉም ኋላ ያደረገው ለምን እንደሆነ ራሱን አልጠየቀም። ዐሥራ አንዱን መርምሮ ጨረሰ። በሐምሌ መጨረሻ የጎረቤታቸው የሽቶ የሁለት ዓመት ልጅ በተቅማጥ ሞተች። ትንሿን ሬሳ ወንዶቹ ተሸክመው በጭቃው መንገድ ሲወርዱ በመስኮቱ አየ። በሦስተኛው ሳምንት ነው ጠርሙሱን ይዞ ወደ እማማ ስመኝ ጉድጓድ የሄደው።

መመሪያው ጉድጓድ የሚዘጋው ውጤቱ ሁለት ጊዜ ሲረጋገጥ ነው ይላል። ለሜሳ ይህን አስታወሰና እፎይ አለ። ማሞቂያውን ዘግቶ ወደ ቤቱ ሄደ።

የእማማ ስመኝ በር መዝጊያ እንጂ መቀርቀሪያ አልነበረውም። ባላቸው አቶ በለጠ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበሩ። ከሞቱ ሰባት ዓመት ሆኗቸዋል። አንዲቷ ልጃቸው ድሬዳዋ አግብታ ለፋሲካ ደብዳቤ ትጽፋለች። ጉድጓዱን ያስቆፈሩት አቶ በለጠ ናቸው፤ ውሃው ቀዝቃዛና ጣፋጭ ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ከዚያ ይቀዳል። ክርስቲያኗም ሙስሊሟም እንስራዋን አዝላ ስትገባ እማማ ስመኝ ከጉድጓዱ አጠገብ ያለው ግንድ ላይ ተቀምጠዋል። ማን እንደታመመ፣ የማን ላም እንደወለደች፣ የማን ባል ጊኒር ሄዶ እንደዘገየ የሚሰሙት እዚያው ነው። ክፍያ አይቀበሉም። አንድ ቀን ሰንበቴ የምትባለው የፖሊሱ ሚስት እንቁላል ብታመጣላቸው ተቆጥተው መልሰዋታል።

«መጣህ?» አሉት። «ፊትህ ምነው ዛሬ?»

«ምንም አልሆንኩም እማማ። ብርዱ ነው።»

«ብርድ ነው ይላል! ወንዝ ለወንዝ ስትዞር ያልበረደህ ዛሬ በረደህ? ግባ፣ ሽሮው ሳይበርድ።»

እቤት ገቡ። እማማ ስመኝ እንጀራውን ዘረጉ፣ ወጡን አወጡለት። ከማሰሮው ውሃ በብርጭቆ ቀድተው ከፊቱ አስቀመጡ። ከውጭ የሴቶቹ ሳቅና የባልዲው ኳኳታ ይሰማል።

«ሰማህ?» አሉ እማማ ስመኝ ወደ ውጭ በአገጫቸው እያሳዩ። «በለጠ ሲሞት ልጄ ድሬዳዋ ይዣት ልሂድ ብላ ነበር። እምቢ አልኩ። ለምን ብትለኝ ይኸው ለዚህ ነው። ይህ ጉድጓድ ባይኖር እኔ ብሞት እንኳ ሰው የሚያውቀው በሦስተኛው ቀን ነበር።»

«እንዲህ አይበሉ እማማ።»

«እውነቴን ነው። ብላ እንጂ! ምነው ትቆነጥራለህ?»

ጎረሰ። ብርጭቆውን አልነካም። ጉሮሮው እየደረቀ ሁለት ጊዜ እጁን ወደ ብርጭቆው ዘርግቶ ሁለት ጊዜም እንጀራ ቆርሶ መለሰው። አሁን መንገር አለብኝ ይላል በልቡ፤ ይህን ጉርሻ ውጬ እነግራቸዋለሁ ይላል። ውጪ ሽቶ ባልዲውን እየሳበች የሆነ ነገር ታንጎራጉራለች። ልጇ ከሞተች ወዲህ ስታንጎራጉር ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ምሳውን ጨርሶ አመሰገነና ወጣ።

ወደ ክፍሉ ሲሄድ ዓይኑ መጸዳጃው ላይ አረፈ። ከጉድጓዱ በላይ፣ ዳገቱ ላይ፣ በቆርቆሮ የተከደነ አዲስ መጸዳጃ። ከአምና ጀምሮ በየቀኑ ያየዋል። አሁን ግን እርምጃውን ሳይቆጥር እንኳ ስንት እንደሆነ ያውቃል፤ ዐሥራ አንድ ነው።

አምና ክፍሏን ሊከራይ ሲመጣ ግቢው መጸዳጃ አልነበረውም፤ ሰው ሁሉ ከጓሮ ባሕር ዛፉ ውስጥ ነበር የሚወጣው። ለሜሳ ያለ መጸዳጃ አልከራይም አለ። ጤናም ነው፣ ሥራዬም ነው ብሎ አስረዳቸው። እማማ ስመኝ ተስማሙ። እሱ ለሁለት ሳምንት ጊኒር ሄዶ ሲመለስ ዲኖ የሚባለው ጉድጓድ ቆፋሪ ሥራውን ጨርሶ ነበር። እማማ ስመኝ እጁን ይዘው ወስደው አሳዩት። ከታች በኩል ያለው ቦታ ነጭ ሽንኩርታቸው ስለሆነ ከላይ አስቆፈሩት። ለሜሳ እንዳየው ርቀቱን በዓይኑ ለካ። መጸዳጃ ከጉድጓድ በታች መሆን እንዳለበት፣ ቢያንስ ሠላሳ ሜትር መራቅ እንዳለበት በትምህርት ቤት የተማረው የመጀመሪያው ነገር ነበር። እሳቸው ግን እንደ ሙሽራ ቤት በሩን ከፍተው እያሳዩት፣ «ቆርቆሮውን አየኸው? በለጠ ያስቀመጠው ነው፤ ላንተ ብዬ አወጣሁት» አሉ። ፈገግ አለ። «በጣም ጥሩ ነው እማማ» አለ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ሳያነሣው አንድ ዓመት አለፈ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። መሐንዲሶቹ ከተዉት ሣጥን ውስጥ ቡናማ ዱቄት የያዘ ጣሳ ነበር። ዱቄቱ ውሃ ሲነካው ደማቅ አረንጓዴ ይሆናል። መሐንዲሶቹ ወንዝ ላይ ይበትኑትና ውሃው ታች ለመድረስ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅበት በእሱ ያውቃሉ። ሰው አይጎዳም። ለሜሳ ሁለት ማንኪያ መጸዳጃው ውስጥ ጨምሮ ሦስት ባልዲ ውሃ አፈሰሰበት። ለማንም አልተናገረም። ቢሮ ሄዶ ከዐሥራ ሁለት ቁጥር የቀዳውን ሁለተኛ ጠርሙስ መረቁ ላይ ጨመረ።

ማታ ተመልሶ ባልዲ ጣለና ቀዳ። ውሃው ጥርት ያለ ነው። ረቡዕ ጠዋትም ቀዳ፤ ጥርት ያለ ነው። ደረቱ ቀለል አለው። ከመጸዳጃው ካልሆነ ከባልዲው ወይም ከገመዱ ይሆናል፤ ክሎሪን ቢጨመርበት ይስተካከላል፤ ለእማማም ቀስ ብሎ መንገር ይቻላል። እንዲህ እያሰበ እህል በሚጭን መኪና ተሳፍሮ የሻያን ከፍታ ሊያነብ ወደ ሮቤ ሄደ። ወንዙ ሞልቶ ወደ መለኪያው አናት ተጠግቷል። ቁጥሩን ጽፎ በሰባት ሰዓት ተመለሰ።

ከመኪናው ሲወርድ የእማማ ስመኝ በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አየ። ጫጫታው እስከ መንገዱ ይሰማል። ለሜሳ መሮጥ ጀመረ፤ ገና ሳይደርስ ምን እንደሆነ ገብቶታል።

ባልዲው ከጉድጓዱ አፍ አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጧል። በውስጡ ያለው ውሃ እንደ ቡቃያ ገብስ አረንጓዴ ሆኖ ያበራል። ሴቶቹ እንስራቸውን እንደያዙ ከባልዲው ርቀው ቆመዋል። እማማ ስመኝ ግንዳቸው ላይ የሉም፤ የቤታቸው መቃን ላይ ተደግፈው ቆመዋል። ዲኖ ከአጥሩ ጥግ ነው፤ የሰንበቴ ባል፣ ፖሊሱ፣ ክንዱን ይዞታል።

«ትናንት እዚህ ነበር!» ትላለች ሰንበቴ እጇን እያወራጨች። «ገመድ ላድስ ብሎ ገብቶ ብቻውን ስንት ሰዓት ቆየ! በዓይኔ ነው ያየሁት! ዛሬ ውሃው መርዝ ሆነ!»

«ዋላሂ ከገመዱ በቀር የነካሁት የለም» አለ ዲኖ። «ይህን ጉድጓድ እኮ የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ሀያ ሁለት ዓመቱ ነው። የገዛ እጄን ሥራ እመርዛለሁ? ከዚህ የሚጠጡት የኔም ዘመዶች ናቸው።»

«ጣቢያ ትናገራለህ» አለ ፖሊሱ።

የባሌ አመፅ ከበረደ ገና ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ሙስሊም ቆፋሪና መርዝ በአንድ አፍ ከተነሡ ነገሩ የት እንደሚደርስ ለሜሳ ያውቃል። ጣቢያ ከገባ በኋላ ቀለም ነው ብሎ ማስረዳት ሌላ ነገር ነው። ከሽቶ ጎን አልፎ መሀል ገባ።

«ልቀቀው» አለ ፖሊሱን። «እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

ጫጫታው ቆመ።

«ምኑን?» አሉ እማማ ስመኝ።

«ቀለም ነው እማማ። የመንግሥት ዕቃ ነው፣ ለወንዝ የምንጠቀምበት። ሰው አይጎዳም።»

«ቀለም? ጉድጓዴ ውስጥ ቀለም ጨመርክ?»

«ጉድጓዱ ውስጥ አይደለም።» ለሜሳ ወደ ዳገቱ አሳየ። «መጸዳጃው ውስጥ ነው የጨመርኩት። ማክሰኞ ጠዋት።»

መጀመሪያ የገባት ሽቶ ነች። እንስራዋን ቀስ ብላ መሬት ላይ አስቀመጠች፤ ወደ መጸዳጃው ቀና ብላ አየች፤ ከዚያ ባልዲውን፤ ከዚያ እሱን።

«ጄቹን ማሊ?» አለችው በኦሮምኛ። ምን ማለት ነው?

መልሱን በኦሮምኛ ጀመረው፤ ወዲያው ሁሉም እንዲሰሙት ወደ አማርኛ ዞረ። «መጸዳጃው ውስጥ ያለው ነገር ከመሬት በታች እየሰረገ ወደ ጉድጓዱ ይገባል ማለት ነው። የዚህ ጉድጓድ ውሃ አይጠጣም። ከዛሬ ጀምሮ ይዘጋል።»

አንዷ ሴት አማተበች። ሌላዋ መሬት ላይ እንትፍ አለች። ሽቶ ግን ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ልጄ የጠጣችው እሱን ነው?»

«አላውቅም ሽቶ።»

«ልጄን የገደላት ይሄ ውሃ ነው?»

«አላውቅም። ሊሆን ይችላል። ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። አላውቅም።»

ሽቶ ጎንበስ ብላ በእንስራዋ ቀርታ የነበረችውን ውሃ መሬት ላይ ደፋች። ውሃው ጭቃው ላይ ሰረገ። ባዶውን እንስራ አንሥታ ማንንም ሳታይ ወጣች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅኸው?» አሉ እማማ ስመኝ።

«ውሃው እንደ ተበላሸ ከሰኞ ጀምሮ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«አዎ።»

«ሰኞ ምሳ አብረን በላን።»

«አዎ እማማ።»

«ውሃ ቀዳሁልህ። አልጠጣህም። ብርጭቆውን እንደ ሞላ ነው ያነሣሁት፤ ሆዱን አሞት ይሆናል ብዬ ነበር።» ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «አንተ ሳትጠጣ እነዚህ ሁሉ ሲቀዱ ዝም አልክ።»

ለሜሳ መመሪያው ሁለት ጊዜ ይላል ሊል ፈለገ። እንደማይረባ ስላወቀ ተወው።

«መጸዳጃውም የኔ ጥፋት ነው» አለ። «ቦታው ልክ እንዳልሆነ አምና ያሳዩኝ ቀን አውቄ ነበር። ደስ ብሎዎት ስላየሁ ዝም አልኩ።»

«ስትስቅ አይቼህ» አሉ እማማ ስመኝ፣ «ደስ ያለህ መስሎኝ ነበር።» ቤታቸው ገቡ።

ፖሊሱ ምን እንደሚያደርግ ግራ ገብቶት የዲኖን ክንድ ለቀቀ። ሰንበቴ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ዲኖን ሳታይ፣ «እኔ ምን አውቄ» ብላ ወጣች። ሴቶቹም አንድ አንድ እያሉ ተከተሏት። ለሜሳ ከኋላቸው ሆኖ፣ «ከኮሶ ዛፉ ሥር ያለው ምንጭ ንጹህ ነው፤ መርምሬዋለሁ፤ ከዚያ ቅዱ» እያለ ይናገራል። ምንጩ ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ በዝናብ ጊዜ እንስራ አዝሎ መውጣት ለወጣትም ያዳግታል።

ዲኖ ግን አልሄደም። መሬት ላይ ተቀምጦ ክንዱን ሲያሻሽ ቆየና፣ «ሳንቃ አለህ?» አለ።

«ለምን?»

«አፉን ልንዘጋው አይደል? እኔ የከፈትኩትን ሌላ ሰው አይዝጋው።»

ሁለቱ ሆነው ከሰዓት በኋላውን ሠሩ። የጉድጓዱን አፍ በሳንቃ መትተው ዘጉት። መጸዳጃው ውስጥ ኖራ ጨምረው አፈር ሞሉት። ቆርቆሮውን ዲኖ በጥንቃቄ አውርዶ ከቤቱ ግድግዳ ጋር አስደገፈው። በሥራው መካከል አንድ ጊዜ፣ «ሳልቆፍር ብትነግረኝ ኖሮ ከሽንኩርቱ አጠገብ እቆፍር ነበር» አለ።

«ጊኒር ነበርኩ።»

«ከተመለስክም በኋላ እደፍነው ነበር። ሁለት ቀን ነው ሥራው።»

ለሜሳ አካፋውን አንሥቶ አፈሩን መጣሉን ቀጠለ።

ሐሙስ ጠዋት ግቢው ጸጥ አለ። ለሜሳ ሁልጊዜ የሚነቃው በባልዲው ኳኳታ ነበር፤ ዛሬ የነቃው ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ነው። የሚገባ ሰው የለም። ከቢሮ ሲመለስ የግቢው በር ተዘግቷል፤ ከውስጥ ድንጋይ ተደግፎበታል። አንኳኳ። እማማ ስመኝ ድንጋዩን አንሥተው ከፈቱለትና ሳያዩት ተመለሱ። ሰላም አላላቸውም፤ ሰላም ለማለት አፉን ከመክፈቱ በፊት ቤታቸው ገብተው ነበር።

ዓርብ ሁለተኛው ምርመራ ወጣ። አምስቱም ቱቦ አረፋ ነበረበት። ለአዲስ አበባው ጽሕፈት ቤት የሚላከውን ቅጽ ሞላ። «የብክለቱ ምክንያት» ከሚለው ጎን፣ ከጉድጓዱ በላይ የተቆፈረ መጸዳጃ፤ በተቆጣጣሪው ጥያቄ የተሠራ፤ ተቆጣጣሪው የቦታውን ስህተት እያወቀ ዓመት ሙሉ ያላስታወቀበት ብሎ ጻፈ። ከሥሩ «ተቆጣጣሪ» በሚለው መስመር ላይ የራሱን ስም ጻፈና ፈረመ። ለማን እንደሚጠቅም አላወቀም። ፖስታ ቤት ወስዶ ሰጠው።

ቅዳሜ ሰንበቴ በአጥሩ በኩል፣ «እማማ፣ ከምንጩ ስመጣ ላምጣልዎት?» ስትል ሰማ።

«ውሃ አለኝ» አሉ እማማ ስመኝ።

እንደሌላቸው ለሜሳ ያውቃል። ረቡዕ ማታ ማሰሮውን ደፍተው ሲያጥቡት አይቷል። ከዚያ ወዲህ ከጣሪያ የሚወርደውን የዝናብ ውሃ በሳፋ ይቀበላሉ። ከሰዓት በኋላ ውሃ በአህያ የሚያመላልስ ሰው ፈልጎ አናገረና ሊነግራቸው በራቸው ላይ ቆመ።

«እማማ፣ በየቀኑ አንድ ጭነት የሚያመጣ ሰው አግኝቻለሁ። የምከፍለው እኔ ነኝ።»

«አልፈልግም።» ድምፃቸው ከውስጥ ነው የመጣው። «አህያ ወሬ አይነግረኝም።»

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው ሆቴል ክፍል አየ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ መስኮቱ የሚከፈተው ወደ ግድግዳ ነው። ነገ እገባለሁ አለ። ተመልሶ ሁለቱን ሱሪውን፣ ሹራቡንና መጽሐፍ ቅዱሱን ሻንጣ ውስጥ ከተተ። የእማማ ስመኝን ሰላም ማግኘት ባይችል ፊታቸው ላይ አለመቆም ይችላል።

እሑድ ጠዋት ዝናቡ አባርቶ ጉም ከሳነቴ ተራራ ወደ ከተማው ወርዷል። ለሜሳ ሻንጣውን ሊያነሣ ሲል የግቢው በር ድንጋይ ሲነሣ ሰማ። በመስኮቱ አየ። እማማ ስመኝ ለቤተ ክርስቲያን የሚለብሱትን ነጠላ አጣፍተው፣ ትንሿን እንስራ በገመድ አዝለው ወጡ። ወገባቸው ጎበጥ ብሏል። በአንድ እጃቸው አጥሩን እየያዙ፣ ጭቃውን እየመረጡ ወደ ምንጩ ቁልቁል ሄዱ።

ዘሎ ሊደርስባቸው፣ እንስራውን ሊቀበላቸው ተነሣ። በሩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቢቀበላቸው አይሰጡትም። ቢሰጡትም ቤታቸው ይቀመጣሉ፤ እሱ እያመጣ ይሰጣቸዋል፤ ድንጋዩ ከበሩ አይነሣም። ደረጃው ላይ ቆሞ ጉሙ ውስጥ ሲገቡ አያቸው።

የመንግሥት ሠራተኛ ውሃ አይቀዳም። ወንድ ልጅም በጎባ ምንጭ ላይ ከሴቶች ጋር ተሰልፎ አይታወቅም። ለሜሳ ክፍሉ ገባ፤ ኮቱን አውልቆ አልጋው ላይ ጣለ፤ ባልዲውን አንሥቶ ወጣ።

ምንጩ ጋ ሲደርስ ከኮሶ ዛፉ እስከ መንገዱ እንስራ ተደርድሯል። ሴቶቹ ከየእንስራቸው ጎን ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። እማማ ስመኝ ከዳር ናቸው፤ ሽቶ ከጎናቸው ተቀምጣለች። ሽቶ ቀስ ብላ የምትነግራቸው ነገር አለ፤ እማማ ስመኝ እጃቸውን ጉልበቷ ላይ አድርገው ራሳቸውን እየነቀነቁ ያዳምጧታል። ሽቶ እያለቀሰች ይሁን አይሁን ከሩቅ አይለይም።

መጀመሪያ ያየችው ሰንበቴ ነች። ወሬዋን አቋረጠች። የምንጩ ድምፅ ብቻ ቀረ። አንዲት ልጅ እግር እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ ሌላዋ በክርኗ ነካቻት። ለሜሳ ባልዲውን ይዞ መንገዱ ላይ ቆሟል። ጆሮው ድረስ ሙቀት ሲወጣ ይሰማዋል። መመለስ ይችላል፤ ምንጩን ልመረምር ነው የመጣሁት ማለትም ይችላል። ጠርሙስ ግን አልያዘም።

«የመጨረሻዋ ማን ናት?» አለ።

ሽቶ ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ እሱን አላየችውም፤ ከተቀመጠችበትም አልተነሣችም። እማማ ስመኝ እጃቸውን ከሽቶ ጉልበት ላይ ሳያነሡ ወደ እሱ ዞሩ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «ከኋላዬ ቁም።»

ለሜሳ ሄዶ ባልዲውን ከእንስራቸው ኋላ አስቀመጠ።